የጓዳ አረብኛ

ትልልቅ ቃላት እንደ ትልልቅ ሹማምንት ናቸው። ከመምጣታቸው በፊት መንገድ ይጠረግላቸዋል፤ ሲመጡ ሁሉም ብድግ ይላል፤ ከሄዱ በኋላ ምን እንደተናገሩ የሚያስታውስ አይገኝም። «ዘላቂ ልማት» ከእነዚህ ቃላት አንዱ ነው። እኔ በበኩሌ በሰማሁት ቁጥር ከወንበሬ እነሣለሁ። ገብቶኝ አይደለም። ያልገባውን ነገር ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ባለጌ ስለሚመስለኝ ነው።

የምሠራው ከሚሴ ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ነው። በየትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም ለውጥ የለውም፤ የሁሉም ኮሪደር አንድ ዓይነት ነው የሚሸተው። እኔ እዚያ የምታወቀው በታማኝነቴ ነው። የታዘዝኩትን እሠራለሁ፤ የሠራሁት ግን አይገባኝም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው እድገት አያገኝም ብሎ የመከረኝ ከእኔ በፊት በዚሁ ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ ሲሆን፣ እሱ ዛሬ ትልቅ ቦታ ደርሷል።

ታዲያ ባለፈው ክረምት አለቃዬ ጠሩኝና «ዓለም አቀፍ ፍልሰት ለዘላቂ ልማት ያለው አስተዋጽኦ» በሚል ርእስ ጥናት አጥንቼ እንዳቀርብ አዘዙኝ። እንደ ልማዴ ብድግ አልኩ። ቀድሞውንም ቆሜ ስለነበር ግን ብድግታዬ አልታየልኝም።

ጥናት የሚጀምረው ሕዝብን በመጠየቅ ነው ተብለን ተምረናልና ወጣሁ። የደሴው አስፋልት ዳር ሚኒባስ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ሰላምታችንን በአረብኛም በኦሮምኛም በአማርኛም አደረስን፤ እኛ ዘንድ «አሰላሙ ዐለይኩም» ተብሎ፣ «አካም ቡልተኒ» ተብሎ፣ «እንደምን አደሩ» ካልተከተለ ሰውዬው ወይ ቸኩሏል ወይ አኩርፏል።

«አባ፣ ከቤተሰብዎ በፍልሰት ላይ ያለ ሰው ይኖራል?» አልኳቸው።

ሽማግሌው በሐዘኔታ አዩኝ። «ልጄ፣ እኛ እስላሞች ነን። ፍልሰታን የሚጾሙት ጎረቤቶቻችን ናቸው። እሱም ቢሆን ገና ነው፤ ነሐሴ ይግባ።»

«አረብ አገር የሄደ ማለቴ ነው።»

«እንደሱ በለኛ! እንግዲያው ያልሄደውን ጠይቀኝ፤ እሱ ይቀለኛል።»

እውነታቸውን ነው። ከሚሴን ይዛችሁ እስከ ጨፋ ሮቢት ብትሄዱ፣ ዙሪያውን የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ ሁሉ የሰው ስም አለው። «የፋጡማ ጣሪያ» ይባላል፤ ፋጡማ ጅዳ ነች። «የሐዋን በር ዘይት ቀቡት፣ ተንጫረረ» ይባላል፤ ሐዋ ዱባይ ነች፤ በሯ እዚህ እናቷ ላይ ይንጫረራል። አንድ ሰውዬ ዝናብ ሲጥል ወደ ላይ እያየ «አላህ ይባርክሽ የኔ ልጅ» ሲል ሰምቼ ልጁ የሞተችና ሰማይ ቤት ያለች መስሎኝ ላጽናናው ተጠግቼ ነበር። ለካ ጣሪያውን ነው የሚያመሰግነው።

ይህን ሁሉ ግን ከእኔ በፊት የነበሩ አጥኚዎች ጽፈውታል። ጣሪያ ተጽፏል፤ በር ተጽፏል፤ ቴሌቪዥን ተጽፏል። እኔ ማንም ያልጻፈውን ነበር የምፈልገው። ፈልጌም አገኘሁት። ከአረብ አገር ከመጣው ዕቃ ሁሉ ጉምሩክ ያላየው አንድ ዕቃ አለ፤ አረብኛ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። በእኛ አገር ቋንቋዎች ሥራ ተከፋፍለው ነው የሚኖሩ። በአማርኛ እንካሰሳለን። በኦሮምኛ እንታረቃለን፤ የሚታረቅ ሰው ድምፁን ማለስለስ አለበትና። በአረብኛ ደግሞ ከፈጣሪ ጋር እንነጋገራለን። አብዛኞቻችን ምን እንዳልን አናውቅም፤ እሱ ያውቃል፤ ይበቃል። እኔም ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ገብቼ ፊደሉን ቆጥሬያለሁ፤ ማንበብ እችላለሁ፤ ትርጉም አትጠይቁኝ። ማናችንም ብንሆን በአረብኛ ሽንኩርት ገዝተን አናውቅም። አረብኛ ከላይ የሚወርድ እንጂ ከጓዳ የሚወጣ አይመስለንም ነበር።

ልጆቻችን ሄዱና በጓዳ በኩል ይዘውት መጡ። ዶሮ የሚጠበስበት፣ ምንጣፍ የሚራገፍበት፣ የሕፃን አፍንጫ የሚናፈጥበት አረብኛ። ባቲ ገበያ ላይ ከጅዳ የተመለሰች አንዲት ወጣት ከቀድሞ አሠሪዋ ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ፣ ግመል ሊሸጡ የመጡ አንድ አዛውንት አጠገቧ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «አሚን» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ፣ ኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ «ሻንጣዬን ላኪልኝ» ነበር የምትል። አዛውንቱ አሚን ያሉት ለሻንጣዋ ነው። ይደርስላት ይሆናል፤ የአዛውንት አሚን ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ። ጥናት ያለ «ሞዴል ተመላሽ» አይሟላም። ሞዴል ተመላሽ ማለት ከስደት የተመለሰና፣ ስንጠይቀው የማይቆጣ ሰው ነው። ጦይባ የምትባል፣ ብዙ ዓመት ጅዳ ሠርታ የተመለሰች፣ አሁን በጨፋ ሜዳ ዳር ሽንኩርት የምታለማ ሴት አለች ተባልኩ። በሐምሌ አንድ ረፋድ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ፒክአፕ ይዤ፣ ሹፌራችንን ጌታቸውን ይዤ፣ መጠይቄን በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። ፒክአፗ በሯ ላይ «ከሥራ ውጭ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል በትልቁ ተጽፎባታል። ጨፋን የምታውቁ የክረምቱን ጥቁር አፈር ታውቃላችሁ፤ ባጃጅ ቀርቶ እግር ጫማውን ጥሎ ነው የሚያልፍ።

ደርሰን ብናይ ግቢው በእናቶች ተሞልቷል። አቀባበል የተደረገልኝ መሰለኝ። ኮሌታዬን አስተካክዬ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ ከመኪናው ወረድኩ። ያን ጊዜ ከቤት ውስጥ የሴት ጩኸት ወጣ። ደረቴ ተነፈሰ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የጦይባ የወንድሟ ሚስት መዲና ምጥ ላይ ናት። ምጡ ከትናንት ጀምሮ ነው፤ ልጁ አልወጣም። ባሏ ሪያድ አካባቢ በረሃ ውስጥ በግ ይጠብቃል፤ ስልኩ አይገባም። ግቢውን የሞሉት እናቶች እኛ ዱበርቲ የምንላቸው፣ ምጥ ሲጠና ተሰብስበው የሚማጸኑ የተከበሩ ሴቶች ናቸው።

ጦይባ እጅጌዋን ሰብስባ ብቅ አለች። «ማን ልበል ወንድሜ?»

«ስለ ፍልሰት ላነጋግርሽ...»

«መኪና ይዘህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ፣ ግን...»

«አልሐምዱሊላህ!» አለችና ወደ ውስጥ ዞራ ጮኸች፤ «እማ! መኪና መጥቷል! ከሚሴ ሆስፒታል እንውሰዳት!»

እማ ዘሃራ፣ የጦይባ እናት፣ በዝግታ ወጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። የዚያን ቀበሌ ግማሽ ሕዝብ ወደዚህ ዓለም ተቀብለው ያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ አዋላጅ ነበሩ። ነበሩ የምለው፣ አንድ ቀን በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዲት ወጣት የጤና ሠራተኛ በሕዝብ ፊት በጣቷ እያሳየቻቸው «ጎጂ ልማድ» ስላለቻቸው ነው። ሰው ሆኖ ሳለ ልማድ መባል ያናድዳል። እማ ዘሃራ እዚያው ስብሰባ መሃል ቆመው «ወላሂ፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ ከእኔ ቤት ሴት ለወሊድ ሐኪም ቤት አትሄድም!» ብለው ማሉ። ሰማይ ሰማ፤ ቀበሌው ሁሉ ሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው።

«እማ፣ ወላሂ ልጅቷ ልትሞትብን ነው» አለች ጦይባ።

«አብሽሪ። ይወጣል።»

«ከትናንት ጀምሮ አብሽሪ ትያለሽ!»

«እኔ ስንቱን ነው ያዋለድኩ? አንቺንም ብቻዬን ነው የተገላገልኩሽ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!»

አፋቸው ይህን ይላል። ዓይናቸው ግን መኪናዋን ያይ ነበር። ይህን ልብ ያልኩት ኋላ ነው፤ ያን ሰዓት እኔ ሌላ ነገር እያሰላሰልኩ ነበር። ጦይባ ወደ እኔ ዞራ «አንተስ ምን ትላለህ? ተማርኩ ባይ አይደለህ?» ስትለኝ፣ ሳሰላስል የቆየሁትን ተናገርኩ።

«ጉዳዩ የጤና ዘርፍ ነው» አልኩ፣ «እኔ የመጣሁት በፍልሰት ዘርፍ ነው።»

በደንብ ያልታጠበ ሳህን እንደምታይ አድርጋ አየችኝ። ጌታቸው ግን ሞተሩን አላጠፋም።

ዱበርቲዎቹ ገቡ። እኔን በረንዳው ላይ አስቀመጡኝ፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉ ይሰማኛል። የዱበርቲዎቹ አውራ እማ ከዲጃ ዱዓውን ጀመሩ። በአማርኛ ለመኑ፤ በኦሮምኛ ለመኑ። መዲና ትጮኻለች፤ እነሱ አሚን ይላሉ። ጩኸቷ እየቀጠነ መጣ። ድምፁ ሲቀንስ ጥሩ ይመስላል እንጂ ጥሩ እንዳልሆነ እኔ እንኳ ገባኝ።

እማ ከዲጃ ድንገት ቆም አሉ። «ቆይ እስቲ፤ እዚህ ቤት አረብኛ የምታውቅ ልጅ እያለች እኛ በአማርኛ ምን ያንተባትበናል? ጦይባ! ነይ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ ዱዓ አድርጊልን!»

«እማ ከዲጃ፣ እኔ የማውቀው የጓዳ አረብኛ ነው።»

«አረብኛ አረብኛ ነው። አላህ ጓዳውን ከሳሎኑ አይለይም። በይ ቁሚ!»

ጦይባ ቆመች። ምን ልትል እንደነበር አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። በዚያች ቅጽበት መዲና ከቅድሙ ሁሉ የከፋ ጩኸት ጮኸች። ጦይባ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ያ ጩኸት ነጥቆ ጅዳ ወሰዳት። እመቤቷ ወጥ ቤት ውስጥ ምጥ የያዛት ዕለት እሷ ብቻዋን ነበረች ቤት ውስጥ፤ ያኔ ወደ ሹፌሩ የጮኸችው ቃል ነው አሁን ከአፏ ዱብ ያለው። ሹፌሩ ፓኪስታናዊ ነበር። ስሙ ከሪም።

«ያ ከሪም!» አለች ጦይባ።

«ቸሩ ጌታ» ብላ የጀመረች መሰላቸው። «አሚን!» አለ ቤቱ።

«ያ ከሪም! ጂብ ሰያራ! ሰያራ!»

«አሚን!»

«ያላ! ሱርዓ! ሱርዓ!»

«አሚን! አሚን!»

«ሙስተሽፋ! ያ ከሪም፣ ሙስተሽፋ!»

ይቺን «ሙስጠፋ» ብለው ሰሟት። የነቢዩ ስም ተነሥቶ ማን ዝም ይላል? ቤቱ በሰለዋት ተናወጠ። እኔም በረንዳው ላይ ሆኜ እጄን ዘርግቼ፣ ከሁሉም በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ አሚን አልኩ። መኪናዋ ውስጥ ጌታቸው አማተበና «አሜን» አለ፤ ወሎ ውስጥ ጸሎት ሲያልፍ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ሹፌር የለም።

እማ ከዲጃ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ማሻአላህ! እንዲህ አንጀት የሚበላ ዱዓ ሰምቼ አላውቅም። ትርጉሙስ ልጄ?»

እዚህ ላይ ጦይባ መዋሸት ትችል ነበር። እናንተም እኔም ብንሆን እንዋሽ ነበር፤ ቢያንስ «ምሕረት አውርድ ማለት ነው» እንላለን። እሷ ግን ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው ቃሉን አንድ በአንድ ላጠችው።

«ከሪም ሆይ፣ መኪና አምጣ። መኪና። ቶሎ፣ ቶሎ። ወደ ሆስፒታል። ከሪም ሆይ፣ ወደ ሆስፒታል።»

ሁሉም ወደ እማ ዘሃራ ዞረ። እማ ዘሃራ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

«ከዲጃ» አሉ፣ «አንቺ አሚን ብለሻል?»

«ብያለሁ» አሉ እማ ከዲጃ በቀጭኑ።

«እኔም ብያለሁ።» ከዚያ በበሩ በኩል ወደ እኔ ተመለከቱ። «አንተስ ሰውዬው? የአንተን ድምፅ ከሁሉ በላይ ሰምቼዋለሁ።»

«ብያለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው አሚን የተባለ ነገር አይመለስም። መኪናህን አስጠጋ!»

የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ከሥራ ውጭ እንዲውል በአደባባይ፣ ያውም እያለቀስኩ፣ መፍቀዴን የተረዳሁት ያኔ ነው። አለቆቼ እንኳ እንዲህ በአጭሩ አስፈርመውኝ አያውቁም።

መዲናን ፍራሽ ላይ አድርገን ከኋላ ጫንናት። ጦይባና እማ ከዲጃ አብረዋት ተቀመጡ። እማ ዘሃራ ጋቢናውን ያዙ። እኔ በተረፈው ጥግ ተንጠለጠልኩ። ትንሽ እንደሄድን ጥቁሩ አፈር ጎማውን ዋጠው። ከኋላ በእግር ሲከተሉን የነበሩት ዱበርቲዎች ደርሰው መግፋት ጀመሩ። አንድ ላይ ለመግፋት አንድ ቃል ያስፈልጋልና ገና ትኩስ የነበረውን ቃል ያዙ፤ «ሰያራ!» ይላሉ፣ ይገፋሉ፤ «ሰያራ!» ይላሉ፣ ይገፋሉ። ጎማው ግን ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። ጌታቸው አንገቱን አውጥቶ «ከሥሩ የሚነጠፍ ነገር!» አለ። ድንጋይ የለም፣ ቅጠል የለም። ጦይባ ቦርሳዬን ከእጄ መንጭቃ ከነመጠይቁ ጎማው ሥር ወረወረችው። ጎማው ነከሰ፤ መኪናዋ ተስፈንጥራ ወጣች። በአገልግሎት ዘመኔ ጥናቴ ልማትን ወደፊት ሲገፋ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ደረስን። በኦፕራሲዮን ተወለደች፤ ሴት ልጅ። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ «ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ...» አለና የቀረውን ዋጠው። እማ ዘሃራ የዋጠውን ሰሙት። ቀጥ ያለው ወገባቸው እጥፍ አለ፤ እዚያው ኮሪደር ላይ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ወንበር አጠገባቸው ነበር። አላዩትም።

በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ስም ሲወጣ እኔና ጌታቸውም ተጠራን። እኔ የተጠራሁት በዕውቀቴ እንዳይመስላችሁ፤ «ባለመኪናው» ተብዬ ነው። መዲና ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ አጠገቧ። እማ ከዲጃ ተነሡና ስም አለኝ አሉ።

«በዱዓ የተጠራ፣ በጭቃ የተገፋ፣ ሳይውል ሳያድር የደረሰ ስም። ሰያራ ትባል።»

ጦይባ ይዛው የነበረውን የሥጋ ትሪ ልትጥለው ነበር። «እማ ከዲጃ፣ ሰያራ እኮ መኪና ማለት ነው! ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ ምን ሊሏት ነው? ፒክአፕ?»

«ይበሏት! መኪና አይደል ያደረሳት?»

ክርክሩ ጦፈ። በመጨረሻ ዳኝነቱ ለሼህ አደም ተሰጠ። ሼህ አደም ችኩል ሰው አይደሉም። ጢማቸውን እስከ ጫፉ ዳብሰው ነው የሚናገሩ።

«ሰያራ ዛሬ መኪና ናት» አሉ። «ቃሉ ግን መኪና ሳይፈጠር ነበር። መንገደኛ ማለት ነው፤ ከአገር አገር የሚዞር ቅፍለት። በቁርአን፣ ወንድሞቹ ቀንተው ጉድጓድ ውስጥ የጣሉትን ያንን መልከ መልካም ልጅ ጎትተው ያወጡት እነማን ይመስሏችኋል? ሰያራ ናቸው። ስሙ ያምራል፤ ይጽና።»

ቤቱ በእልልታ ሞላ። እኔም ደስ አለኝ፤ ስደተኛና ልማትን የሚያገናኝ ቃል ያለ መጠይቅ አግኝቻለሁና። እልልታው ሲበርድ ጦይባ ትሪውን እንደያዘች ጠየቀች።

«ሼህ አደም፤ አውጥተውት ሸጡትም አይደል?»

ሼሁ ጢማቸውን እንደገና ከላይ ጀመሩ። «ሸጡት» አሉ። «ያውም በርካሽ። ግን ልጄ፣ ከጉድጓዱ ወጥቷል። ኋላም በረሃብ ዘመን ጎተራ ሞልቶ አገር ያዳነ እሱ ነው።»

«እሱስ ጎተራ ሰጡት» አለች ጦይባ፤ «እኔን የሰጡኝ መጥረጊያ ነው።»

ቤቱ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ ልስቅ ብዬ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

ስንሄድ እማ ዘሃራ እስከ መኪናዋ ሸኙን። መንገዱ አሁንም ጭቃ ነው። ጌታቸው ሞተሩን ሲያስነሣ እማ ዘሃራ የመኪናዋን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና፣ ሌላ ሰው እንደሌለ አይተው፣ እንዲህ አሉ፤

«ያላ፣ ያ ከሪም! ሹወይ ሹወይ! ጠሪቅ ሙ ኩወይስ!»

ጌታቸው «ምን አሉኝ?» አለኝ። እኔ ግን አፌ አልዘጋ አለ። ይቺ አረብኛ ከጦይባ የተሰማች አይደለችም።

«ቀስ በል፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም ነው ያልኩት» አሉ እማ ዘሃራ። «ምን ታፈጥብኛለህ? ጦይባ ሳትወለድ፣ አባቷንም ሳላውቀው፣ በአሰብ ተሻግሬ ጅዳ ነበርኩ። የሰው ቤት አጥቤያለሁ፤ የሰው ልጅ አዝያለሁ። ያኔ ባሕር ማዶ ገረድ ሆና የተመለሰች ሴት ባል አያገባትም። ዝም አልኩ። ዝምታውን ለመድኩት።»

«እንዲያ ከሆነ ያን ቀን ጦይባ ስትጮህ...»

«ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ገብቶኛል።»

«ከሪም ሹፌር መሆኑም?»

«ሰያራ አምጣ የሚባል ሹፌር እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?»

«ታዲያ እማ ዘሃራ፣ እያወቁ ለምን አሚን አሉ?»

ልጃቸው እንዳየችኝ አዩኝ፤ በደንብ እንዳልታጠበ ሳህን። «አንተ እውነትም ስታጠና ነው የምትኖር። መዲና ስታምጥ አንጀቴ ሲቃጠል ነበር። ግን ምያለሁ፤ አገር ሰምቶኛል። ለልጄ እሺ ብል፣ ዘሃራን ልጇ ረታቻት ይባላል። ለዚያች ለጤናዋ ልጅ እሺ ብል፣ ዘሃራ ጎጂ መሆኗን አመነች ይባላል። ለዱዓ አሚን ብል ግን ማን ነው ተሸነፈች የሚለኝ? ሰው ሲምል በበሩ ይገባል፤ ሲወጣ መስኮት ይፈልጋል። መስኮቱን ስጠብቅ ነበር። ከጅዳ መጣልኝ።»

ለጥናቴ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? መጻፊያዬን ከኪሴ ሳወጣ ክንዴን ያዙኝ።

«ተው! ለጦይባ ነግረሃት እንዳትሄድ።»

«ለምን? ደስ ይላታል እኮ። እናትና ልጅ በአረብኛ ብታወሩ...»

«ደስ ይላታል!» አሉ እማ ዘሃራ፣ ወደ ቤቱ ዞር ብለው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጅዳ ካሉት ጓደኞቿ ጋር በስልክ የምታማኝ በአረብኛ ነው፤ እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብላ። ካወቀች ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። ያኔ በምን እሰማታለሁ?»